ፖድካስት ከዎርድፕረስ ፕለጊን ወደ ሆስቲንግ ሲዛወር አድማጩ እንዳይቀር

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው ሦስት ዓመት የሠሩበት ፖድካስት አላቸው። 86 ክፍል ደርሷል። ድምፁ ሁሉ የተቀመጠው ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ በተሠራው የራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ነው፤ ወደ አድማጭ የሚደርሰውም በአንድ የፖድካስት ፕለጊን፣ ማለትም ዎርድፕረስ ላይ በሚገጠም ተጨማሪ ፕሮግራም፣ በኩል ነው። አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ድረ ገጹ ይንቀራፈፋል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አልከፍት ይላል። «ወደ ፖድካስት ሆስቲንግ ልዛወር ወስኛለሁ» ይላሉ፤ ፖድካስት አስቀምጦ ለአድማጭ ወደሚያደርስ አገልግሎት ማለት ነው። «ድምፆቹን በሙሉ አወርዳለሁ፣ አዲሱ ቦታ ላይ አንድ በአንድ እጭናለሁ፣ አዲሱን ሊንክ ለአፕል ፖድካስትስና ለስፖቲፋይ አስገባለሁ፣ ከዚያ ፕለጊኑን አጠፋለሁ። አድማጮቼን አጣለሁ?»

በዚህ መንገድ ከሄዱ አዎ፣ ያጣሉ። ሁሉንም ባይሆን አብዛኞቹን። ዕቅድዎ አራት እርምጃ አለው፤ ሦስቱ ስህተት ናቸው። ትክክለኛው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ድምፆቹን አውርደው በኮምፒውተርዎና በሌላ አንድ ቦታ ያስቀምጡ። ግን ለመጠባበቂያ ነው እንጂ ለመጫን አይደለም።

ለመዛወር መወሰንዎ ራሱ ልክ ነው። ድረ ገጹ የሚንቀራፈፈው ዎርድፕረስ መጥፎ ስለሆነ ወይም ፕለጊኑ ስለተበላሸ አይደለም። ሒሳቡን እንሥራው። የ40 ደቂቃ ክፍል በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ሲቀመጥ 38 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። 500 ሰው ካወረደው 19 ጊጋባይት ነው። ያ ሁሉ ደግሞ ቀስ እያለ አይመጣም፤ ክፍሉ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይግተለተላል። ከብዙ ድረ ገጾች ጋር በጋራ የሚኖሩበት ሰርቨር (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) የተዘጋጀው ጽሑፍና ፎቶ ለማሳየት ነው። ይህን ጭነት እንዲሸከም አልታሰበም። ንግግር ብቻ ለሆነ ፕሮግራም በሞኖ 64 ኪሎቢት ቢጠቀሙ ክብደቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ እሱ ግን ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው አለመግባባት ልምጣ። ብዙ ሰው ፖድካስቱ ያለው አፕል ላይ ወይም ስፖቲፋይ ላይ ይመስለዋል። የእርስዎ ፖድካስት ግን ያለው አንድ አድራሻ ላይ ነው። ያ አድራሻ ፊድ ይባላል። ሲከፈት የሚታየው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፦ የፕሮግራሙ ስም፣ የሽፋን ምስሉ፣ ከዚያ ክፍሎቹ በተራ። እያንዳንዱ ክፍል ርዕስ፣ ቀን፣ የድምፁ ፋይል ያለበት ሊንክና አንድ መለያ አለው። የአድማጩ አፕ በየጊዜው እዚያ አድራሻ ሄዶ «አዲስ ነገር አለ?» ይላል። ካለ ያመጣል። በቃ፣ ፖድካስት ማለት ይኸው ነው። አርኤስኤስ በሚባለው በዚህ የፊድ አጻጻፍ ውስጥ የድምፅ ሊንክ ማስገባት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ አፕል ፖድካስትን ወደ አይቲዩንስ ያስገባው በ2005። አሠራሩ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ እኔም ከሙያዬ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው። አድራሻው የእርስዎ ስለሆነ ማንም ሳይፈቅድልዎት ዕቃዎን ይዘው መሄድ ይችላሉ። ግን አድራሻውን ሳያዛውሩ ድምፁን ብቻ ካዛወሩ፣ አድማጩ አሮጌው በር ላይ ቆሞ ይቀራል።

ስለዚህ ስህተቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው። አዲሱን ሊንክ እንደ አዲስ ፕሮግራም ለአፕልና ለስፖቲፋይ ካስገቡ፣ ሁለት ተመሳሳይ ስም ያላቸው ፕሮግራሞች ይኖራሉ። አንደኛው አድማጮችዎ፣ ኮከቦችዎና አስተያየቶችዎ ያሉበት አሮጌው ነው፤ እሱ ከእንግዲህ አዲስ ክፍል አያገኝም። ሌላኛው ከዜሮ የሚጀምር ባዶ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። አድማጭ ደግሞ «ፕሮግራሙ ቆመ መሰለኝ» ብሎ ያልፋል እንጂ ፈልጎ አይመጣም። ነባሩ ፕሮግራም ላይ የፊዱን አድራሻ መቀየር ይቻላል፤ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ እደርስበታለሁ።

አንድ በአንድ መጫኑ ደግሞ ከድካሙ ሌላ የተደበቀ ጣጣ አለው። ቅድም መለያ ያልኩት ጂዩአይዲ ይባላል። አፑ አንድን ክፍል የሚያውቀው በርዕሱ ወይም በቀኑ አይደለም፤ በዚህ መለያ ነው። መለያው ከተለወጠ ያው ክፍል ለአፑ አዲስ ክፍል ነው። በእጅ ሲጭኑ አዲሱ ሆስቲንግ ለ86ቱም አዲስ መለያ ይሰጣቸዋል። አንዲት አዘጋጅ እንዲህ አድርጋ ካዛወረች በኋላ እርዳታ ፈልጋ መጥታ ነበር። ከአድማጮቿ አንዱ የላከላትን የስልክ ስክሪን አሳየችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ሰምቶ የጨረሳቸው ክፍሎች በሙሉ «አዲስ» የሚል ምልክት ይዘው ተደርድረዋል፤ ስልኩም ሌሊቱን ሲያወርዳቸው አድሮ ማከማቻው ሞልቷል። ሰውየው የጻፈላት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ይቅርታ፣ ከዝርዝሬ አወጣሁት»። ያን መመለስ አልቻልንም።

በዎርድፕረስ ላይ ይህ መለያ አብዛኛውን ጊዜ የድር አድራሻ ይመስላል። በዶሜንዎ፣ ማለትም በድረ ገጽዎ የአድራሻ ስም፣ ይጀምራል፤ በጥያቄ ምልክትና በአንድ ቁጥር ያበቃል። ሊንክ ይምሰል እንጂ ሥራው ስም መሆን ነው። ስለዚህ ማንም እንዲያስተካክለው አይፍቀዱ። በኤችቲቲፒ የሚጀምር ከሆነ ዛሬ ድረ ገጽዎ ኤችቲቲፒኤስ ሆኗል ተብሎ አንዲት ፊደል አይጨመርበትም። እንዳለ ይሄዳል።

ሦስተኛው ስህተት ፕለጊኑን ማጥፋት ነው። ፊዱን የሚያመርተው እሱ ነው። ሲጠፋ አድራሻው ባዶ ይሆናል፤ አድማጮችዎ የሚመሩበት ምልክትም አብሮ ይጠፋል። በዚያ ላይ አንዳንዱ ፕለጊን፣ ለምሳሌ ሲሪየስሊ ሲምፕል ፖድካስቲንግ፣ የክፍሎቹን ገጾች ራሱ በፈጠረው የጽሑፍ ዓይነት ነው የሚያስቀምጣቸው። ፕለጊኑ ሲዘጋ ገጾቹም «አልተገኘም» ይላሉ። ጽሑፉ ዳታቤዝ ውስጥ አለ፤ አንባቢ ግን አያገኘውም።

ከመዛወር ሌላ አማራጭ አለ ወይ ቢሉኝ፣ አለ። ፊዱን እዚያው ድረ ገጽዎ ላይ ትተው የድምፅ ፋይሎቹን ብቻ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል። አድራሻው ስለማይለወጥ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያሻግር ማዞሪያ አያስፈልግም፤ የሰርቨሩም ጭነት ይቃለላል። ፓወርፕረስ የሚባለው ፕለጊን ከብለብሪ ሆስቲንግ ጋር፣ ሲሪየስሊ ሲምፕል ከካስቶስ ሆስቲንግ ጋር የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ለማን ይሆናል? ዎርድፕረስን በደንብ ለሚያውቅና ፊዱ በራሱ ዶሜን ላይ እንዲኖር ለሚፈልግ ሰው። ፍላጎቱ ይገባኛል፤ አከብረዋለሁም። ግን የድረ ገጹ ዕጣ የፖድካስቱም ዕጣ ሆኖ ይቀጥላል። ድረ ገጹ ሲጠለፍ፣ ዝመና ሲያበላሸው ወይም ሰርቨሩ ሲወድቅ ፊዱም አብሮ ይወድቃል። እርስዎ የነገሩኝ ችግር ያለብዎ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ይዛወሩ እላለሁ።

እንዴት? አዲሱ ሆስቲንግ ላይ «ከነባር ፊድ አስገባ» የሚል ምርጫ አለ። የድሮውን የፊድ አድራሻ ሲሰጡት ርዕሱን፣ መግለጫውን፣ ቀኑን፣ ድምፁንና መለያውን ራሱ ይስባል። 86 ክፍል በእጅ ከመጫን ይገላግልዎታል። ያን ቁልፍ ከመጫንዎ በፊት ግን ጥቂት ነገር ማዘጋጀት አለብዎ፤ ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ነው።

አንደኛ ነገር፣ ፊዱ ላይ ስንት ክፍል እንደሚታይ ይቁጠሩ። ዎርድፕረስ ሲጀመር ፊድ ላይ የሚያወጣው የመጨረሻዎቹን 10 ጽሑፎች ብቻ ነው። ቁጥሩ ያለው በሴቲንግ ውስጥ ሪዲንግ በሚለው ገጽ ላይ ነው፤ አንዳንድ ፕለጊኖች ደግሞ የራሳቸው ቁጥር አላቸው። 86 ክፍል ካለዎት 100 ያድርጉት። ይህን ካልነኩ አዲሱ ሆስቲንግ 10 ክፍል ብቻ ስቦ «ተሳክቷል» ይልዎታል። እሱ ያየውን በሙሉ አምጥቷል፤ ያላየውን ከየት ያምጣ? ከዚያ ካሽ የሚያደርግ፣ ማለትም የገጹን ቅጂ አስቀምጦ የሚያሳይ፣ ፕለጊን ወይም ክላውድፍሌርን የመሰለ አገልግሎት ካለዎት ካሹን ያጽዱ፤ አለበለዚያ ቁጥሩን ቀይረውም የድሮው ፊድ ነው የሚታየው።

ፊዱ ላይ የባለቤቱ ኢሜይል መታየቱንም ያረጋግጡ፤ አሁን የሚከፍቱት ኢሜይል ይሁን። ብዙ ሆስቲንጎች ፖድካስቱ የእርስዎ መሆኑን የሚያጣሩት ወደዚያ ኢሜይል ኮድ በመላክ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ያስገቡት ኢሜይል የተዘጋ ከሆነ እዚያው ይቆማሉ። ፕለጊንዎ ፊዱ ወደ ሌላ ሆስቲንግ እንዳይሳብ የመቆለፍ ምርጫ ካለውም ለዝውውሩ ጊዜ ይክፈቱት።

የመጨረሻው ዝግጅት ብዙ ሰው የሚዘልለው ነው። ፊዱን በብሮውዘር ይክፈቱና ገጹን እንዳለ ፋይል አድርገው ያስቀምጡት። ማዞሪያው ከገባ በኋላ አሮጌውን ፊድ ማየት አይችሉም፤ ሲከፍቱት አዲሱ ይመጣል። የሁሉም ክፍል መለያ ያለበት ብቸኛ ቅጂ ያ ፋይል ይሆናል። ነገር ከተበላሸ የሚያድንዎት እሱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

አሁን ያስገቡ። ሲያበቃ አይቸኩሉ። የክፍሎቹን ብዛት ይቁጠሩ። የመጀመሪያውን፣ አንድ መካከለኛውንና የመጨረሻውን ከፍተው እስከ ማብቂያው አካባቢ ያዳምጡ፤ መሃል ላይ የተቆረጠ ፋይል አጋጥሞኛል። የሦስቱን መለያ ካስቀመጡት ፋይል ጋር ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። የድምፁ ሊንክ ወደ አዲሱ ሆስቲንግ የሚያመራ መሆኑን ይዩ። አሁንም ወደ እርስዎ ሰርቨር የሚያመለክት ከሆነ ድምፁ ገና አልተዛወረም ማለት ነው፤ ጭነቱም አይቀንስም። መለያዎቹ ካልገጠሙ እዚህ ላይ ያቁሙና ለሆስቲንጉ ይጻፉ። እስካሁን አንድም አድማጭ ስላልተነካ ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና መጀመር ይቻላል። ከማዞሪያው በኋላ ግን አይቻልም።

ማዞሪያው የሥራው እምብርት ነው። 301 ይባላል፤ ለአፑ «ለዘለቄታው ተዛውሬያለሁ፣ አድራሻዬን ቀይረው» ይለዋል። 302 የሚባልም አለ፤ እሱ «ለጊዜው እዚያ ነኝ» ማለት ነው። 302 ያገኘ አፕ አዲሱን ድምፅ ያመጣል፣ አሮጌውን አድራሻ ግን ይዞ ይቀጥላል። የእርስዎ 301 ይሁን። ገጽ ሲከፈት በጃቫስክሪፕት የሚያሻግር ዘዴ ደግሞ ጨርሶ አይጠቅምም፤ አፕ ብሮውዘር አይደለምና አያነበውም።

ብዙ የፖድካስት ፕለጊኖች የማዞሪያ ቦታ አላቸው። አዲሱን አድራሻ ለጥፎ ማስቀመጥ ነው፤ ለጀማሪ ቀላል ነው። እኔ ግን ማዞሪያውን ሰርቨሩ ራሱ ላይ እንዲያደርጉት አጥብቄ እመክራለሁ። የሰርቨሩ ፕሮግራም አፓቼ ከሆነ ኤችቲአክሰስ በሚባለው ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ነው፤ ኢንጂንኤክስ ከሆነ ሰርቨሩን የሚያከራይዎ ድርጅት በደቂቃ ያስገባልዎታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፕለጊን ማዞሪያ ፕለጊኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ድረ ገጹን የሚያጸዳልዎ ልጅ «ይህ ፕለጊን ሥራ የለውም» ብሎ ይነቅለዋል፤ የቀሩት አድማጮችም ያን ቀን ይቋረጣሉ።

እዚህ ላይ ሦስት ጥንቃቄ አለ። የፖድካስቱን ፊድ ብቻ ያዙሩ፤ የድረ ገጹን ጠቅላላ ፊድ ካዞሩት የጽሑፍ አንባቢዎችዎ ሳያስቡት ድምፅ ይደርሳቸዋል። ሁለተኛ፣ አንድ ፊድ ብዙ በር ሊኖረው ይችላል፦ ከነዳብልዩ ዳብልዩ ዳብልዩና ያለሱ፣ በኤችቲቲፒና በኤችቲቲፒኤስ፣ መጨረሻው ላይ ጭረት ያለውና የሌለው። ለአፕል የሰጡት የትኛውን እንደነበር ላያስታውሱ ስለሚችሉ ሁሉንም ይሞክሯቸው። ሦስተኛ፣ አዲሱ ሆስቲንግ አሮጌውን ፊድ እየተመላለሰ የሚስብ ከሆነ ከማዞርዎ በፊት መሳቡን ያቁሙት። ካልቆመ ወደ ራሱ ዞሮ ራሱን ሊስብ ነው።

ሙከራው ቀላል ነው። በብሮውዘሩ የግል መስኮት አሮጌውን የፊድ አድራሻ ይጻፉና ይጫኑ። ዓይንዎን ከላይ አድራሻው ላይ ያድርጉ። ወደ አዲሱ ከተለወጠ ማዞሪያው ሠርቷል። ቁጥሩ 301 መሆኑን ግን ይህ አያሳይም፤ የማዞሪያ መፈተሻ የሆነ ማንኛውም ነጻ መሣሪያ ይነግርዎታል።

ከማዞሪያው ጋር አዲሱ ፊድ ውስጥ «ኒው ፊድ ዩአርኤል» የሚባል ምልክት ይግባ። አብዛኛው ሆስቲንግ ቦታ አለው፤ የሚጻፍበትም ያው አዲሱ አድራሻ ነው። አፕል ማዞሪያውም ምልክቱም ቢያንስ አራት ሳምንት እንዲቆዩ ይጠይቃል። በጥቂት ቀናት ውስጥ የአዘጋጆች መግቢያ የሆኑት አፕል ፖድካስትስ ኮኔክትና ስፖቲፋይ ፎር ክሪኤተርስ ውስጥ ገብተው ነባሩ ፕሮግራምዎ ላይ ያለው የፊድ አድራሻ መለወጡን ይዩ። ካልተለወጠ እዚያው ራስዎ መቀየር ይችላሉ። ቅድም እደርስበታለሁ ያልኩት ይህን ነው።

አራት ሳምንት ለአፕል ይበቃል፤ ለሁሉም አድማጭ ግን አይበቃም። አንዳንድ አፕ ፊዱን የሚጠይቀው ባለቤቱ ሲከፍተው ብቻ ነው። ለወራት ያልከፈተ አድማጭ አንድ ቀን ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ማዞሪያውን ለዓመታት ይተዉት፤ ዶሜኑንም ያድሱ።

ቀኑን ይምረጡ። አዲስ ክፍል ከወጣ ሦስት አራት ቀን ሲሆነው፣ ቀጣዩ ከመውጣቱ ደግሞ ሳምንት ሲቀረው ጥሩ ነው። በዚያ መሃል አሮጌው ላይ ምንም አያውጡ። ቀጣዩ ክፍል አዲሱ ላይ ይወጣል፤ በስልክዎ ላይ በሁለት ሦስት የተለያዩ አፖች ሲደርስ ካዩ ዝውውሩ አልቋል።

የማይዛወር ነገርም አለ። የድሮው የማውረድ ቁጥር አብሮ አይመጣም፤ ከፕለጊኑ ዳሽቦርድ አስቀድመው ያውጡት። አዲሱ ሆስቲንግ የሚያሳይዎ ቁጥር ከለመዱት ዝቅ ካለም አይደንግጡ። የድረ ገጽ ሰርቨር አንድን ማውረድ ብዙ ጊዜ ይቆጥራል፤ ሮቦቶችንም ሰው አድርጎ ይቆጥራል።

ሆስቲንግ ሲመርጡ ከዋጋው በፊት ሲወጡ 301 ይሰጡ እንደሆነ ይጠይቁ። መግቢያው ሁሉም ጋ ሰፊ ነው፤ መውጫውን የሚከለክል ላይ ፕሮግራምዎን አያስቀምጡ። በሚያስገቡበት ጊዜ መለያዎቹን እንዳሉ መያዙንም በጽሑፍ ያስመልሱ። ነጻ ፓኬጅ ከሆነ ፋይሎቹ ስንት ቀን እንደሚቆዩ ያንብቡ፤ 90 ቀን ሲሞላ የሚያጠፉ አሉ። የፊዱ አድራሻ በራስዎ ዶሜን እንዲሆን የሚፈቅድ ካገኙ ትንሽ ቢያስከፍልም እሱን ይውሰዱ። ለሚቀጥለው ዝውውር ማዞሪያውን በእጅዎ ይይዛሉ።

ፕለጊኑን መቼ ላጥፋ ለሚለው፣ መጀመሪያ የድረ ገጹን ገጾች ያስተካክሉ። 86ቱ ጽሑፎች ላይ ያለው ማጫወቻ አሁንም ከራስዎ ሰርቨር ድምፅ ነው የሚጠራው። የአዲሱን ሆስቲንግ ማጫወቻ በቦታው ይተኩ፤ ሰው ከሚበዛባቸው ገጾች ይጀምሩ፣ ሌላው ቀስ ይበል። የድሮዎቹን የድምፅ ፋይሎች ይህ ሳያልቅ አይሰርዙ። ሁሉም ገጽ ሲተካ፣ ማዞሪያው ሰርቨሩ ላይ መሆኑን ሲያረጋግጡና ሁለት ሦስት ወር ያለ ቅሬታ ሲያልፍ ፕለጊኑን መጀመሪያ ዝም ብለው ያቦዝኑት እንጂ አይንቀሉት። በዚያው ቀን አሮጌውን ፊድና አንድ የድሮ ክፍል ገጽ በግል መስኮት ይክፈቱ። ሁለቱም ከሠሩ ይንቀሉት። ገጹ «አልተገኘም» ካለ ፕለጊኑን መልሰው ያብሩና ጽሑፎቹን ወደ ተራ ፖስት ከቀየሩ በኋላ እንደገና ይሞክሩ።